ድመቷ ምን ትለናለች?

ባለፈው ክረምት እኔና ሁለት ጓደኞቼ በተከራየንበት ግቢ አንዲት ድመት ነበረች። ያሳደጓት የቤቱ ባለቤት፣ እኛ «እትዬ» የምንላቸው አረጋዊት ናቸው፤ ያሳደጓትም ለአይጥ ነው። ይህች ድመት ሁለት ቀን ሙሉ ከአልጋዬ ግርጌ ተኝታ «ኩርርር» ስትል ሰነበተች። እኛም የተማርን ነንና «ደስ ብሏት ነው» ብለን ተረጐምነው። በሦስተኛው ቀን እትዬ መጡና፣ «ይህች ድመት ታማለች፤ ከማድ ቤቱ በር መጥታ ከጮኸችብኝ ሁለት ቀኗ ነው» አሉ። አንሥተን ብናያት ከእግሯ ሥር መግል የያዘ ቍስል ተገኘባት። የእንስሳት ሐኪም አክሟት ዳነች፤ እኛ ግን አፈርን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ እፍረት ነው።

ለመሆኑ ድመት ከሰው ጋራ የምትነጋገረው እንዴት ነው? በመጀመሪያ «ሚያው» የሚለውን ድምፅ እንመልከት። የድመት ልጆች እናታቸውን የሚጠሩት በዚህ ድምፅ ነው። ካደጉ በኋላ ግን እርስ በርሳቸው ብዙም አይጠቀሙበትም፤ የሚጠቀሙበት ለሰው ነው። የሚያበላትና በር የሚከፍትላት ሰው ስለ ሆነ፣ ድመት የልጅነት ጥሪዋን ወደ እርሱ ታዞራለች። «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት በዚህም በኩል እውነት አለው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ለዚህ ጥሪ ለሁሉ ቤት የሚያገለግል መዝገበ ቃላት የለውም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የታተመ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ በአምስት ልዩ ልዩ ሁኔታ የተቀረጸ የድመት ጩኸት ለሰዎች አሰምቶ ነበር። አድማጮቹ የምግቡን ጥያቄ ከጭንቁ የለዩት፣ በዘፈቀደ ከመገመት በጥቂቱ በሚበልጥ መጠን ብቻ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድመቷ አንድ ድምፅ ትሞክራለች፤ በሩ ከተከፈተላት ያንኑ ትደግማለች፤ ሰውየውም ይለምደዋል። ስለዚህ ቋንቋው በየቤቱ በሁለቱ ስምምነት የሚፈጠር ነው።

ሁለተኛው «ኩርርር» የሚለው የጉሮሮ ድምፅ ነው። ይህ የደስታ ምልክት መሆኑ እውነት ነው፤ ግን የደስታ ብቻ አይደለም። የታመመች ወይም የቈሰለች ድመትም ታሰማዋለች። ከዚህም በላይ፣ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲዋ ካረን ማኮምብና ባልደረቦቻቸው በ2009 እንዳሳዩት፣ አንዳንድ ድመቶች ምግብ ሲፈልጉ በዚህ ዝቅተኛ ድምፅ ውስጥ ቀጭን ጩኸት ይጨምሩበታል። ጩኸቱ ከሕፃን ልቅሶ ጋራ ተቀራራቢ የሆነ ከፍታ አለው። ድመት አሳድገው የማያውቁ ሰዎች እንኳ ሲሰሙት «ይህ የሚያስቸኵል ነው» ብለዋል።

ሦስተኛው የአካል ንግግር ነው። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ወደ እናንተ ስትመጣ ሰላምታ ነው። ጅራቷን ወዲያና ወዲህ ስታማታ ግን እንደ ውሻ ደስታ አይምሰላችሁ፤ «ተዉኝ» ማለቷ ነው። ጆሮዋን ወደ ኋላ ካጠፈች ፈርታለች ወይም ተቈጥታለች። ዐይኗን ቀስ ብላ ብትጨፍንላችሁ ደግሞ እናንተም ቀስ ብላችሁ ጨፍኑላት፤ በ2020 የወጣ ጥናት እንዲህ ላደረገላት ሰው ድመት በቀላሉ እንደምትቀርብ አረጋግጧል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። አንዱን ምልክት ብቻ ይዞ መፍረድ ያሳስታል፤ የድመቷን የዕለት ተዕለት ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። እትዬ ያነበቡት ጥናት የለም፤ ነገር ግን ድመታቸው መቼ እንደምትጮኽ ያውቁ ስለ ነበር፣ ዝም ያለችበትንም ቀን ዐወቁ። እኛ ድምፁን ሰማን፤ እርሳቸው ግን ዝምታዋን ሰሙ።