በኢንጀክተር መርፌ ላይ ያለው ጥቁር ልባስ

የዘመናዊ ናፍጣ ሞተር ኢንጀክተር መርፌ 2,000 ባርና ከዚያም በላይ ሊደርስ በሚችል ግፊት ውስጥ ያለ ዕረፍት ይመላለሳል። የሚያለሰልሰው ዘይት ሳይሆን ናፍጣው ራሱ ነው። ሰልፈር ለመቀነስ ሲጣራ ደግሞ የናፍጣው የማለስለስ አቅም ይቀንሳል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች መርፌውን አልማዝ መሰል ካርቦን የሚያለብሱት፤ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን፣ ጥንካሬው ግን ከጠነከረ ብረት እጅግ የላቀ ነው።

ሥራው እንደ ቀለም ቅብ አይደለም። አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ የካርቦን አተሞች ብረቱ ላይ ይነባበራሉ። በቀጥታ ከተነባበሩ ስለሚላጡ ብዙ ጊዜ ስስ ክሮሚየም ይቀድማል። ካርቦኑ ራሱ አይዝግም፤ በጥቃቅን ቀዳዳ እርጥበት ከገባ ግን ከሥሩ ያለው ብረት ይበላል።

መካኒኮች፣ አደራችሁን፦ ጥቁሩ ገጽ ጥላሸት መስሏችሁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት። አንዴ ከተላጠ ጋራዥ ውስጥ መልሶ ማልበስ አይቻልም።