ቀጣሪ የሌለው ሠራተኛ ከማን ጋር ይደራደራል?

በሠራተኛ መብት ሥራዬ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እጠየቃለሁ። መልሱን የኒው ዮርክ ታክሲ ሾፌሮች ያሳዩናል።

ብዙዎቹ ከባንግላዴሽ፣ ከሕንድና ከፓኪስታን የመጡ ናቸው። የአሜሪካ ሕግ በግላቸው እንደሚሠሩ ስለሚቆጥራቸው የኅብረት ድርድር መብት የላቸውም። ቢሆንም በ1998 እ.ኤ.አ. ማኅበር መሠረቱ፤ ከመሪዎቹ አንዷ ባይራቪ ዴሳይ ናት።

ጉልበታቸውን የጨረሰው ዕዳ ነው። ሜዳሊየን የሚባለው የታክሲ ፈቃድ በ2014 ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ዋጋው ሲወድቅ ብድሩ ሾፌሩ ጫንቃ ላይ ቀረ፤ በ2018 ራሳቸውን ያጠፉ ሾፌሮች አሉ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ማኅበሩ ግን ተጠያቂውን ለይቶ ያዘ፦ ፈቃዱን አስተዋውቆ በጨረታ የሸጠው ራሱ ከተማው ነበር። በ2021 ሾፌሮቹ ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ቀንና ሌሊት ከረሙ፤ 15 ቀን የረሃብ አድማ መቱ። ከተማው ዋስ ለመሆን ተስማማ፤ ትልቁ አበዳሪ የያዘው የአንድ ፈቃድ ብድር ወደ 200,000 ዶላር ወረደ፣ ከዚያም 30,000ውን ከተማው ሸፈነ። በ2021ዱ ስምምነት ወርኃዊ ክፍያው ከ1,122 ዶላር እንዳያልፍ ተወሰነ።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወገኖቼ፣ የብድር ውላችሁን ለብቻ ይዛችሁ አትቀመጡ፤ ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ውል ጋር አስተያዩት።