የድረ ገጽ ሠሪውና የምስክር ወረቀቱ

በኮምፒዩተር ሙያ የተሰማሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ድረ ገጽ በመሥራት የሚተዳደር ሰው በጃቫ ወይም በሲ ሻርፕ ቋንቋ ወደሚሠራበት ቦታ ለመሻገር የምስክር ወረቀት ይረዳዋልን? የሚል ነው። ለጃቫው ፈተና ለብዙ ዓመታት ከ200 የአሜሪካ ዶላር በላይ ሲከፈል ኖሯል። ብዙው ጠያቂ ይህን የሚከፍለው ከቤቱ ቀለብ ቀንሶ፣ የሚያጠናውም ከእንቅልፉ ሰርቆ ነውና በጉዳዩ ላይ የሚመስለንን ለመግለጽ እንወዳለን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ የሁለቱን ሥራዎች ልዩነት መረዳት ያስፈልጋል። ኦብጀክት ኦሪየንትድ የሚባለው የፕሮግራም አጻጻፍ ሥርዓት መነሻው ኖርዌይ ነው። ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ የተባሉ ሊቃውንት በ1960ዎቹ ዓመታት ሲሙላ የተባለውን ቋንቋ በኦስሎ ከተማ አዘጋጁ፤ ስለዚህም ሥራቸው የ2001 የቱሪንግ ሽልማት ተሰጣቸው። ነገሩን በመሥሪያ ቤት ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በመዝገብ ቤት የአንድ ሠራተኛ ፋይል አለ እንበል፤ ደመወዙ፣ የተቀጠረበት ቀንና የዓመት ፈቃዱ ተጽፎበታል። ማንም መንገደኛ ገብቶ ደመወዙን ሊሰርዝና ሊደልዝ አይችልም፤ የሚፈልገውን ለመዝገብ ቤቱ ሹም ያመለክታል፤ ሹሙም በደንቡ መሠረት ይፈጽማል። በዚህ ሥርዓት በተጻፈ ፕሮግራምም እያንዳንዱ ኦብጀክት መረጃውንና በመረጃው ላይ የተፈቀደውን ሥራ አንድ ላይ ይይዛል። ደግሞም ቋሚውና የቀን ሠራተኛው ሁለቱም ሠራተኞች እንደ መሆናቸው፣ የጋራ የሆነው ደንብ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ የሚለያዩበት ብቻ ለየብቻው ይጨመራል።

ድረ ገጽ ሠሪው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስበው በሌላ መንገድ ነው። ይህ ቁልፍ ሲነካ ይህን አሳይ፣ ቅጹ ሲላክ ይህን መዝግብ እያለ ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ ይደረድራል። የሚሠራበትን ጃቫስክሪፕትን ብሬንዳን አይክ በ1995 በዐሥር ቀን ውስጥ የመጀመሪያ መልኩን አስይዞታል፤ በዚያው ዓመት ከወጣው ከጃቫ ጋራ ያለው ዝምድና ከስም እምብዛም አያልፍም። (ይህ ሞክሼነት ስንቱን ቀጣሪ አሳስቶ ይሆን!) ሆኖም ጃቫስክሪፕት በ2015 ክላስ የሚለውን ቃል ተቀብሏል፤ ፒ ኤች ፒም ከ2004 ወዲህ በዚህ ረገድ በርትቷል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው አጥር እንጂ ግንብ አይደለም።

የምስክር ወረቀቱስ የሚመሰክረው ምንድን ነው? ኦራክል የተባለው ኩባንያ ለጃቫ 17 ያወጣውን ፈተና እንመልከት። ለተፈታኙ በ90 ደቂቃ ውስጥ 50 ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ለማለፍም 68 ከመቶ ማግኘት አለበት። መልሱ ከተዘረዘሩት መካከል ይመረጣል፤ ጥያቄውም ይህ ፕሮግራም ምን ያወጣል፣ የትኛው መስመር ስሕተት አለበት የሚል ነው። ያለፈው ሰው የቋንቋውን ሰዋስው ያውቃል። ነገር ግን ሰዋስው ያወቀ ሁሉ ደብዳቤ ለመጻፍ እንደማይችል፣ አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ሳንነግራቸው ያውቁታል። ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጦ ይህን ሥራ በየትኞቹ ክላሶች ልክፈለው ብሎ መወሰንን ፈተናው አይጠይቅም፤ ጠንቃቃ ቀጣሪ ግን የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ይህን ስንል ወረቀቱን መናቃችን አይደለም። ዲግሪ ለሌለው ሰው ማመልከቻው ሳይነበብ እንዳይጣል ይረዳዋል፤ በጨረታ ሥራ የሚይዙ ኩባንያዎችም የምስክር ወረቀት ያላቸውን ሠራተኞች ቈጥረው የሚያቀርቡበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ወረቀትም ያረጃል፤ ማይክሮሶፍት ኤም ሲ ኤስ ዲ የተባለውን ታዋቂ የምስክር ወረቀት በጃንዋሪ 2021 መስጠቱን አቁሟል። ለጀማሪ ደግሞ ያለ ክፍያ የሚገኝ አለ። ያው ኩባንያ ከፍሪኮድካምፕ ጋራ ሆኖ በ2023 ለሲ ሻርፕ ጀማሪዎች ነጻ የምስክር ወረቀት አውጥቷል፤ በኢትዮጵያም በ2024 ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋራ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ዕቅድ ትምህርቱንም ወረቀቱንም በነጻ ይሰጣል።

እንግዲህ ወጣቱ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አንድ ሙሉ ሥራ ይሥራ እንላለን፤ ለምሳሌ የእቁብ ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም። አባል፣ መዋጮ፣ ዙርና ዕጣ አሉበት፤ ሲጀምሩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንድ አባል ሁለት ዕጣ ቢይዝስ? ሁለት ጐረቤታሞች አንዱን ዕጣ በግማሽ ቢካፈሉስ? የደረሰው ሰው ዕጣውን ለቸገረው ቢሸጥስ? አባልንና ዕጣን በአንድ ክላስ ያሰረ ሰው እዚህ ላይ ይጨነቃል፤ አፍርሶም ይለያቸዋል። ቀጣሪው ለምን ለየሃቸው ብሎ ቢጠይቀው የሚመልሰው አለው። ሥራውንም ጊትሃብን በመሰለ፣ ሌሎች ገልጠው ሊያነቡት በሚችሉበት ስፍራ ያኑረው።

ከዚያ በኋላ ለመፈተን ቢወስን የሥራ ማስታወቂያዎቹ የትኛውን እትም እንደሚጠይቁ አስቀድሞ ይመልከት። ጃቫ 21 በሴፕቴምበር 2023 ቢወጣም፣ በ2014 በወጣው በጃቫ 8 የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች ዛሬም አሉ።