ተጨማሪ መረጃ፦ የሞባይል ገንዘብና የመግቢያው ጊዜ

ወደ አዲስ ገበያ መግባት የሚገባው መቼ ነው የሚለውን ጥያቄ መርምሮ ለመረዳት የሚሻ ተማሪ፣ የአገራችንን የሞባይል ገንዘብ ታሪክ ቢመለከት በቂ ምስክር ያገኛል። ኤምፔሳ በጎረቤት ኬንያ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ በእኛ ዘንድ ግን የሚያስተዳድረው ሥርዓት ገና አልተደነገገም ነበርና፣ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ወጥቶ፣ ኤምብር የተሰኘው አገልግሎት የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምን ከመሰሉ ማይክሮ ፋይናንሶች ጋር በ2007 ዓ.ም. እስኪቀርብ ድረስ ስምንት ዓመት አለፈ። ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆኖ ሳለ የስልኩ መረብ የሌላ ስለ ነበረ፣ ቀዳሚነቱ ብቻውን አውራነትን አላጐናጸፈውም።

በአንጻሩ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ያወጣው እጅግ ዘግይቶ፣ ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቢሆንም፣ ደንበኛውም መረቡም አስቀድመው በእጁ ነበሩና በሁለት ዓመት ውስጥ ከ30 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አፈራ። የኬንያው ሳፋሪኮም ኤምፔሳን በኢትዮጵያ የጀመረው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው፤ የዘገየውም በስንፍና ሳይሆን (ይህን ልብ ይሏል) ሕጉ ለውጭ ባለሀብት በሩን ዘግቶ ስለ ቆየ ነው።

በደቡብ ወሎ፣ በአጅባርና በመካነ ሰላም ደጋ ግን ዘመናዊ ስልክ የሌለው ገበሬ በቴሌብር *127# ገንዘብ መላክ መቻሉ፣ በእኔ ግምት፣ ከመግቢያው ቀን ይልቅ ይመዝናል። ተማሪዎች ሆይ፣ በገበያ ቀን የአጅባርን ነጋዴዎች የትኛውን አገልግሎት አስቀድመው እንደ ያዙ፣ ለምን እንደ ሆነም ጠይቃችሁ መዝግቡ።