ዓሣ ለሚኖርበት የመስተዋት ገንዳ የውኃ መውረጃና መመለሻ ቧንቧ አሠራር

ውኃ ወደ ታች በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ወደ ላይ ግን ካልገፉት አይወጣም። ይህን ሕግ ገበሬው ከመስኖ ቦዩ፥ ከተሜውም ከቤቱ ቧንቧ ያውቀዋል። ዓሣ በመስተዋት ገንዳ የሚያኖር ሰው ቧንቧውን ሲዘረጋ ይህን ሕግ የዘነጋ እንደ ሆነ፥ ኤሌክትሪክ በተቋረጠበት ሰዓት ውኃው ወለሉን ያጥለቀልቃል፤ ዓሣውም ለአደጋ ይጋለጣል።

በናይሮቢ መሃል ከተማ ነገሩ የተለየ ጥንቃቄ የሚሻው በሦስት ምክንያት ነው። 1ኛ፥ የኤሌክትሪክ ኀይል ሊቋረጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 2023 (ነሐሴ 19 ቀን 2015 ዓ.ም.) ሌሊት የኬንያ አብዛኛው ክፍል ለብዙ ሰዓት በጨለማ ቆይቷል፤ የጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ የአውሮፕላን ማረፊያ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። 2ኛ፥ ውኃው የሚቆጠብ ነው። ለከተማው ዋና የውኃ ምንጭ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1994 ተሠርቶ ያለቀው የንዳካይኒ ግድብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዝናብ አንሶ ግድቡ በጎደለ ጊዜ ውኃውን ለየሰፈሩ በተራ ማደል አስፈልጎ ነበር። 3ኛ፥ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ሆነ፥ በውኃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅን በባሕር ዳር ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ስለዚህ የውኃው መዘዋወር ሲቆም ዓሣው ፈጥኖ ይታፈናል። በዚህ ላይ ብዙዎቹ ገንዳዎች የሚቀመጡት በፎቅ ቤት በመሆኑ፥ ከላይ የፈሰሰ ውኃ ከታች ያለውን ጎረቤት ይጎዳል።

የገንዳው ሥራ እንደሚከተለው ነው። ዓሣው ያለበት ላይኛው ገንዳ በአንድ ጎኑ ጥርስ ያለው መትረፊያ ሣጥን ይደረግለታል። ከጥርሱ በላይ የሞላው ውኃ ወደ ሣጥኑ ይገባና በመውረጃው ቧንቧ ወደ ታችኛው ገንዳ ይወርዳል። ታችኛው ገንዳ ማጣሪያውንና ማሞቂያውን ይይዛል። በማጣሪያው ላይ የሚራቡት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ከዓሣው ኩስ የሚወጣውን አሞንያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፥ ኋላም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ከዚያም ፓምፑ የጠራውን ውኃ በመመለሻው ቧንቧ ወደ ላይ ይገፋዋል። ናይሮቢ የሚለው ስም በማሳይ ቋንቋ ከቀዝቃዛ ውኃ የመጣ ነውና፥ በዚያ ቅዝቃዜ የቆላ ዓሣ የሚያኖር ሰው ማሞቂያውን ውኃው በማይጎድልበት ክፍል ያኑረው። ከውኃ ውጭ ሆኖ የሚግል ማሞቂያ ይሰነጠቃል።

አደጋው የሚመጣው ከሁለት አቅጣጫ ነው።

የመጀመሪያው ፓምፑ ሲቆም ነው። የመመለሻው ቧንቧ አፍ በላይኛው ገንዳ ውኃ ውስጥ የሰጠመ ከሆነ፥ በቧንቧው ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ታች ሲወርድ ሌላውን እየሳበ ያስከትላል። በላስቲክ ጎማ ከበርሜል ቤንዚን የሚቀዳ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ በአፉ ስቦ እንደሚለቀው መሆኑ ነው። ይህ ሲፎን ይባላል። ውኃው የሚያቆመው ቧንቧው አፍ ላይ አየር ሲገባ ብቻ ነው፤ እስከዚያ ግን ሁሉ ወደ ታችኛው ገንዳ ይወርዳል።

መጠኑን አስቀድሞ ማስላት አያስቸግርም። የላይኛው ገንዳ ርዝመቱ 120፥ ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 6 ሊትር ይይዛል። ፓምፑ ሲሠራ ከጥርሱ በላይ የሚቆመው ውኃ 1 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 6 ሊትር ነው። የመመለሻው አፍ ከጥርሱ በታች 4 ሳንቲ ሜትር ቢሰጥም 24 ሊትር ይጨመራል። በሣጥኑና በቧንቧዎቹ ያለውን 5 ሊትር ብንል ድምሩ 35 ሊትር ይሆናል። ታችኛው ገንዳ 80 በ40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 3.2 ሊትር ስለሚይዝ፥ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። የመመለሻው አፍ ወደ ላይ ተነሥቶ ከጥርሱ በታች 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ግን ድምሩ 17 ሊትር፥ የሚያስፈልገውም ባዶ ቦታ ከ5 ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ይሆናል። አንድ ጎሚቶ ከፍ አድርጎ መግጠም ይህን ያህል ይጠቅማል።

አንዳንዶች በመመለሻው ቧንቧ ላይ ውኃ ወደ ኋላ የማያሳልፍ ቫልቭ አስገብተው በዚያ ይታመናሉ። አሸዋ ወይም አልጌ በመዝጊያው መካከል ከገባ ግን አይገጥምም። ለአየር ማስገቢያ የተበሳች ትንሽ ቀዳዳም በአልጌ ትደፈናለች። እነዚህ እንደ ረዳት እንጂ እንደ ዋና መከላከያ ሊቆጠሩ አይገባም፤ ዋናው መከላከያ ታችኛው ገንዳ ያለው ባዶ ቦታ ነው።

ሁለተኛው አደጋ መውረጃው ሲደፈን ነው። ቅጠል፥ ቀንድ አውጣ ወይም የሞተ ዓሣ አፉን ቢዘጋው፥ ፓምፑ ሳያቋርጥ ወደ ላይ ይልካል፤ ላይኛውም ገንዳ ከአፉ ይፈስሳል። ለዚህ መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ፓምፑ ያለበት ክፍል ሊልከው የሚችለው ውኃ ላይኛው ገንዳ ከሚቀበለው እንዳይበልጥ ማድረግ ነው፤ ክፍሉ 15 ሊትር ቢኖረው፥ ከላይ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ባዶ ጠርዝ ይተዋል። ሌላው፥ ሁለተኛ መውረጃ ከመጀመሪያው ከፍ አድርጎ መግጠም ነው። ይህ መውረጃ ሁልጊዜ ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ ዋናው ሲደፈን ብቻ ይሠራል። በእርሱ ላይ መዝጊያ ከቶ አይደረግም።

ስለ ቧንቧዎቹ መጠንም መውረጃው ሁልጊዜ ከመመለሻው ሊሰፋ ይገባል፤ ፓምፕ ውኃውን በግፊት ያሳልፋል፥ መውረጃው ግን በውኃው ክብደት ብቻ ይሠራል። መመለሻው ¾ ኢንች ከሆነ፥ መውረጃው 1 ወይም 1½ ኢንች ይሁን። አግድም የተዘረጋ መውረጃ አየር ይቋጥርና ስለሚንቋቋ፥ ወደ ታች ዘመም ይደረግ። ዋናውን መውረጃ በፀጥታ ለማስኬድ ሳራቺኔስካ የሚባለውን መዝጊያ ገጥሞ ውኃውን ማስተካከል ይቻላል፤ ይህም የሚፈቀደው ደረቁ መውረጃ ሲኖር ብቻ ነው። ቧንቧው ፒቪሲ ይሁን፤ ዚንክ የተቀባ የብረት ቧንቧና መዳብ በውኃው እየሟሙ ዓሣውን ይጎዱታልና።

ይህ ሕግ በመስተዋት ገንዳ ብቻ አይወሰንም። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 በጀመረው የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ፕሮግራም ለገበሬዎች የተቆፈሩት የዓሣ ኩሬዎች የእያንዳንዳቸው ስፋት 300 ካሬ ሜትር እንዲሆን ታቅዶ ነበር። በእንዲህ ያለ ኩሬም ቢሆን መትረፊያው ከመግቢያው ካልሰፋ፥ አፉም በወንፊት ካልተጋረደ፥ በከባድ ዝናብ ቆሮሶውና አምባዛው ከጎርፉ ጋር ወጥተው ይሄዳሉ፤ ግድቡም ይናዳል። በአገራችንም ኩሬ የሚቆፍር ገበሬ አስቀድሞ መትረፊያውን ሊያስብ ይገባዋል።

ቧንቧው ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ዓሣ ከመግባቱ በፊት መፈተን ያስፈልጋል። ገንዳው በውኃ ይሞላ፥ ፓምፑ ይነሣ፤ ከዚያም ሶኬቱ ተነቅሎ ታችኛው ገንዳ እስከ የት እንደሚሞላ ይታይ። ቀጥሎ ፓምፑ እየሠራ ዋናው መውረጃ በእጅ ይደፈንና ላይኛው ገንዳ ይጠበቅ። በሁለቱም ጊዜ አንዲት ጠብታ ወለል ላይ ካልወደቀች፥ ፓምፑ በሚሠራበት ጊዜ የታችኛው ገንዳ ውኃ የሚቆምበት ልክ በቀለም ይሰመርበት። ከዚያ መስመር በላይ ውኃ መጨመር እንደማይገባ ለቤተ ሰቡና ለሠራተኛው ሁሉ ይነገር፤ ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ የገንዳው ባለቤት እቤት ላይኖር ይችላልና።