የመንገድ ጥጉ ክበብ

ሽፋኑ ላይ አንድም ፊደል አልተጻፈም። ሁለት ትንንሽ ልጆች፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ፣ ገጠር መንገድ ዳር አፈር ላይ ቁጭ ብለው ካሜራውን ያያሉ፤ አንዱ ፈገግ፣ ሌላው ኮስተር ብሏል። የዘፋኝ ስም የለም፤ ርዕስም የለም። ፎቶውን ያነሳው ካፊ የሚባል ባለሙያ ነው፤ ቦታውም በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ግዛት፣ ኖቫ ፍሪቡርጎ አካባቢ ነው። አድማጩ ግን ለረጅም ዘመን «እነዚህማ ዘፋኞቹ ናቸው፣ በልጅነታቸው የተነሱት ነው» ሲል ኖሯል። አይደሉም። እስታዶ ጂ ሚናስ የተባለው ጋዜጣ ሁለቱን አፈላልጎ ያገኛቸው በ2012 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ጎልማሶች ሆነው ነበር።

አልበሙ «ክሉቢ ዳ እስኪና» ይባላል፤ «የመንገድ ጥጉ ክበብ» እንደማለት ነው። ኢኤምአይ ኦዲዮን በ1972 ያሳተመው፣ ሁለት ሸክላ ላይ 21 ዘፈን የያዘ ሥራ ነው። ባለቤቶቹ ሚልተን ናሲሜንቱ እና ሎ ቦርዢስ ናቸው፤ የሚገርመውም ይሄ ነው። ሚልተን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ በ1967 በሪዮው ዓለም አቀፍ የዘፈን ፌስቲቫል «ትራቬሲያ» በተሰኘው ዘፈኑ ሁለተኛ ወጥቶ አገር ያወቀው፣ አሜሪካ ድረስ ሄዶ አልበም የቀዳ ድምፃዊ ነበር። ሎ ደግሞ ሃያ ዓመቱን ገና የያዘ፣ በስሙ አንድም አልበም የሌለው የሰፈር ልጅ። ታዋቂ ዘፋኝ ለጀማሪ አንድ ሁለት ዘፈን ቢሰጥ ማንም አይደነቅም። ሚልተን ግን የልጁን ስም ከስሙ እኩል አስቀመጠ፤ ከአልበሙ ሥራም ሰፊ ድርሻ ለቀቀለት።

ሚልተን የተወለደው ሪዮ ነው። እናቱ የቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ እሱ ገና ሕፃን ሳለ ሞቱ። አንድ ነጭ ባልና ሚስት ወስደው ሚናስ ዤራይስ ግዛት ውስጥ ትሬስ ፖንታስ በምትባል ትንሽ ከተማ አሳደጉት። ሚናስ ባሕር የማይደርስባት፣ የተራራና የማዕድን አገር ናት። የድሮው ወርቅ ያሠራቸው ቤተ ክርስቲያኖች ሞልተውባታል፤ ሚልተን ድምፁን አቅጥኖ ወደ ላይ ሲያወጣው የመዘምራን ዜማ የሚሸተኝ ለዚህ ይመስለኛል። በ1963 ወደ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ወደ ቤሎ ኦሪዞንቺ መጣና ቢሮ ተቀጠረ። ያረፈበት ሕንፃ ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች ያሉት የቦርዢስ ቤተሰብ ይኖር ነበር። ከልጆቹ አንዱ ማርሲዮ የቅርብ ወዳጁ ሆነ፤ በ1964 ሁለቱ የትሩፎን «ዡል እና ጂም» የተሰኘ ፊልም አይተው ከሲኒማ ቤት ከወጡ በኋላ አብረው ዘፈን መድረስ ጀመሩ። ሎ ያኔ ጊታር በያዙት ታላላቆቹ መሀል የሚሽሎከሎክ ታናሽ ወንድም ነበር።

ቤተሰቡ እዚያው ቤሎ ኦሪዞንቺ፣ ሳንታ ቴሬዛ ሰፈር ሲኖር፣ ዲቪኖፖሊስና ፓራይዞፖሊስ የተባሉት መንገዶች የሚገናኙበት ጥግ የልጆቹ መዋያ ሆነ። እናታቸው ዶና ማሪኮታ «ሎ የት ሄደ?» ብለው ሲጠይቁ «ጥጉ ላይ ነው፣ ከክበቡ ጋር» የሚል መልስ ያገኙ ነበርና ስሙ ከዚያ ቀረ ይባላል። ክበብ ይባል እንጂ አዳራሽም መዋጮም የለውም። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ፣ ጊታርና የቢትልስ ዘፈን ብቻ ነው ያለው።

ሚልተን ሎን «ሪዮ ና፣ አልበም እንሥራ» ሲለው ልጁ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ቤቶ ጌዲስም ይምጣ። ቤቶና ሎ ገና ብላቴኖች ሳሉ የቢትልስን ዘፈን የሚጫወት ባንድ አቋቁመው ነበር። ሦስቱ ከሪዮ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ ኒቴሮይ ውስጥ ፒራቲኒንጋ የሚባል የባሕር ዳርቻ ላይ ቤት ይዘው ዜማ መድረስ ጀመሩ። ግጥሙን ማርሲዮ፣ ፈርናንዶ ብራንት እና ሮናልዶ ባስቶስ ጻፉ። ኩባንያው ግን አመነታ፤ ማንም በማያውቀው ልጅ ስም ሁለት ሸክላ ማሳተም ኪሳራ ነው የሚል ሐሳብ ነበር። ሚልተን በአቋሙ ጸና።

ቀረጻው እንደ ደቦ ነበር። ቶኒንዮ ኦርታ አንዱ ዘፈን ላይ ጊታር፣ ሌላው ላይ ቤዝ ይጫወታል፤ ቤቶም እንዲሁ እየተቀያየረ ይሠራል። ኦርጋኑንና ፒያኖውን የሚልተን የትሬስ ፖንታስ አብሮ አደግ ዋግነር ቲዞ ይዟል። የክር መሣሪያዎቹን ያቀናበሩት እሱና ኤውሚር ዴኦዳቶ ናቸው። «ሰማያዊው ባቡር» የተሰኘውን የሎ ዘፈን ስሙት፤ መሀል ላይ የምትገባው የኦርታ ጊታር አጭር ናት፣ አትቸኩልም፣ ራሷን ችላ የምትዘፈን ዜማ ናት።

እኔን ከሁሉም የሚይዘኝ ግን ሁለተኛው ዘፈን «ካይስ» ነው። ካይስ መርከብ የሚጠጋበት የወደብ ዳርቻ ነው፤ ባሕር የሌለው አገር ልጅ ስለ ወደብ ይዘፍናል። ሚልተን ቀስ ብሎ ይዘፍናል፤ ከዚያ ድምፁ ይቆምና ፒያኖው ብቻውን አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይመታል። ከዘፈኑ ጋር ምን እንዳገናኛት ግራ ይገባል፤ እንደተንጠለጠለችም ታልቃለች። ሁለተኛው ሸክላ ላይ «የፀሐይ ጣዕም» የተባለው ዘፈን ማለቂያ ላይ ያቺው ሐረግ ትመለሳለች፤ አሁን ግን በቫዮሊኖች ታጅባ ነው። ዘፈኖቹን በቅደም ተከተል የማይሰማ ሰው ይህች ታልፈዋለች።

አልበሙ የወጣበት ዘመን የወታደር ዘመን ነበር። ጦሩ ሥልጣን የያዘው በ1964 ሲሆን፣ በታኅሣሥ 1968 በወጣው አዋጅ ምክር ቤቱ ተዘግቶ፣ ሳንሱሩም እስሩም ብሶ ነበር። ስለዚህ ግጥሞቹ መንገድ፣ ባቡር፣ መስኮትና ጉዞ እያሉ ዙሪያውን ይሄዳሉ፤ የገባው ይገባዋል። አንዳንዱ ዘፈን ደግሞ ቃል የሚባል የለውም። ሚልተን ላሳደጉት እናቱ መታሰቢያ ያደረገው «ሊሊያ» እንጉርጉሮ ብቻ ነው። የአልበሙን ስም የያዘው «ክሉቢ ዳ እስኪና ቁጥር 2»ም ያኔ ግጥም አልነበረውም፤ ማርሲዮ የጻፈለት ከዓመታት በኋላ ነው። በ1973 ሳንሱሩ የሚቀጥለውን አልበሙን በርካታ ግጥሞች ሲከለክልበት፣ ሚልተን ዘፈኖቹን አልጣላቸውም፤ ያለ ቃል፣ በድምፁ ብቻ ቀዳቸው። ፖርቱጋልኛ የማይሰማ አድማጭ የዚህን ሰው ሥራ ለመውደድ ብዙ አስተርጓሚ የማያስፈልገው ለዚህ ነው።

እንከን የለሽ አልበም ነው አልልም። ሁለተኛው ሸክላ ላይ የሚጓተት ቦታ አለ፤ ሲወጣም ሁሉም ሐያሲ አላጨበጨበለትም። ሙዚቀኞቹ ግን ቀድመው ሰምተዋል። ድምፃዊቷ ኤሊስ ሬዢና በዚያው ዓመት «ካይስ»ን ዘፈነችው፤ ኋላም አንጋፋው የዜማ ደራሲ ቶም ጆቢም ሳይቀር «ሰማያዊው ባቡር»ን በ1994 በወጣው በመጨረሻው አልበሙ ላይ አካትቶታል። አሜሪካዊው ሳክስፎኒስት ዌይን ሾርተርም ሚልተንን ጋብዞ በ1975 የወጣውን «ኔቲቭ ዳንሰር»ን ሠራ። ደረጃ ማውጣት ብዙም አይጥመኝም፤ ሆኖም ሮሊንግ ስቶን ብራዚል በ2007 ሰባተኛ ያለውን አልበም፣ በ2022 የ162 ባለሙያዎች ድምፅ ከብራዚል አልበሞች ሁሉ አንደኛ አድርጎታል።

ኩባንያው ፈርቶት የነበረውን ልጅ በዚያው በ1972 ብቻውን አልበም ሥራ አለው። ሎ ዘፈኖቹን በጥድፊያ ደርሶ አስረከበ። ሽፋኑ ላይ ፊቱን ሳይሆን ያረጀ ሸራ ጫማውን አስነሳና ከሪዮ ወጥቶ ሄደ። ቀጣዩ የራሱ አልበም የወጣው በ1979 ነው።