በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር መነሻ ላይ ባለቤቱ የሚሳሳት ቃል

የሥራ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ወጣቶች የትውልድ ስፍራቸውን ለመግለጽ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት «ቦርን» በሚለው ቃል ነው። አጀማመሩ መልካም ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ነው።

በአማርኛችን ቦዝ አንቀጽ ባለቤቱን በጅራቱ ይዞ ይሄዳል። «ተወልጄ» ያለ ሰው ስለ ራሱ መናገሩ ነው፤ «ተወልዳ» ቢል ስለ ሴት፣ «ተወልደው» ቢል ስለ ብዙዎች ወይም ስለሚከበር ሰው ነው። ስለዚህ «ደሴ ተወልጄ አባቴ ትምህርት ቤት አስገቡኝ» ብንል፣ የተወለደው ማን ነው ብሎ የሚጠይቀን የለም።

ወጣቱ ይህንኑ ሲመልስ «ቦርን ኢን ደሴ፣ ማይ ፋዘር ሴንት ሚ ቱ ስኩል» ይላል። እንግሊዞች ፓስት ፓርቲሲፕል የሚሉት ይህ «ቦርን» ግን ጅራት የለውም፤ ለእኔም ለእርሷም ለእነርሱም ያው አንድ ነው። አንባቢውም ባለቤቱን የሚፈልገው ከሰረዙ ቀጥሎ በሚያገኘው ስም ላይ ነው። እንግዲህ ማመልከቻውን የሚመረምረው ሹም ደሴ የተወለዱት አባትየው ናቸው ብሎ ይረዳል፤ አመልካቹ የት እንደ ተወለደ ግን አልተጻፈም! ስሕተቱ የሚያሥቅ ቢሆን ኖሮ ሹሙ ይጠረጥር ነበር። ይህኛው ደኅና መስሎ ስለሚያልፍ የባሰ ነው። መድኀኒቱም ከሰረዙ በኋላ «አይ ዎዝ ሴንት ቱ ስኩል ባይ ማይ ፋዘር» ማለት ነው።

ሌላም አለ። «ሲን ፍሮም እንጦጦ» ብለን ስንጀምር፣ ተመልካቾቹ እኛ ስለ ሆንን «ዊ» ብለን ልንቀጥል ይዳዳናል። «ሲን» ግን የታየውን እንጂ ያየውን አይናገርምና ተከትሎ መምጣት ያለበት አዲስ አበባ ነው። «ዊ» ማለት የፈለገ «ሉኪንግ ዳውን ፍሮም እንጦጦ» ብሎ ይነሣ።

አማርኛችን ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር፣ ቦዝ አንቀጽ ማስቀደም ለእኛ ተፈጥሮ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን በአንድ ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ቢመጣ ይበቃል እንላለን።

ባለቤት አጥቶ የሚንከራተተውን ፓርቲሲፕል እንግሊዛዊው ሔንሪ ፋውለር በ1926 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ባሳተሙት የቋንቋ አጠቃቀም መዝገብ ነቅፈውታል፤ ስለዚህ ጣጣው የባዕድ ተማሪ ብቻ አይደለም። እንደ «ጊቭን» ያሉት ጥቂቶች ግን መስተዋድድ ሆነው በመዝገበ ቃላት ስለ ገቡ፣ «ጊቭን ዘ ሬይን፣ ዊ ስቴይድ አት ሆም» ብሎ የጻፈውን ማንም አይወቅሰውም።